መሃለኛው ቁልፍ

እስከ ዛሬ ድረስ ስልክ ላይ ስጽፍ ከሥር የሚደረደሩትን ቃላት በአውራ ጣቴ እሸፍናቸዋለሁ። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ትስቅብኛለች። «እማ፣ ሊያግዝሽ እኮ ነው የሚያቀርብልሽ» ትለኛለች። እሷ ለስልኩ ታወራለታለች፤ እሱ ይጽፍላታል። ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች በሐሳቤ መኪና ገጭቷት፣ ሆስፒታል ገብታ፣ እኔም አልቅሼ ጨርሼ እጠብቃታለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ክፉ ነገርን መንገድ ወጥተሽ የምትቀበይ ሰው ነሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሳልቀበለው የቀረሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ተኝቼ አልነበረም፤ በተሳሳተው በር ቆሜ ስጠብቀው ነው ያለፈኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በምዕራብ ሁናን ተራሮች ውስጥ ከወንድ አያቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። አባቴና እናቴ ዶንግጓን ከተማ ሄደው ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፤ ለአዲስ ዓመት ይመጣሉ፣ ርችቱ ሳያልቅ ይመለሳሉ። መንደራችን ውስጥ የቀረው ሽማግሌና ሕፃን ነው። መሃሉ፣ የሚሮጠውና የሚሸከመው ሰው፣ ሁሉ ባቡር ተሳፍሮ ሄዷል።

አያቴ ከቀርከሃ ቅርጫት ይሠሩ ነበር። በወጣትነታቸው የተራራው መንገድ ሲቆረጥ የፈነዳው ድማሚት ጆሯቸውን ይዞት ሄዷል፤ ስለዚህ ራሳቸው ሲያወሩ ይጮኻሉ፣ የሌላውን ግን አይሰሙም። ጆሮ የሌለው ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል? ይጽፍበታል። አባቴ ለአንድ አዲስ ዓመት ያመጣላቸው ባለቁልፍ ስልክ ጆሯቸው ሆነ።

እኔ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት በድምፅ ነበር የምጽፈው። ቃሉን በላቲን ፊደላት እጫናለሁ፤ ስልኩ ያንን ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ይደረድርልኛል፤ እመርጣለሁ። አያቴ ግን የላቲን ፊደል አይተው አያውቁም፤ የሚናገሩትም የመንደራችንን ቋንቋ እንጂ የመምህራኑን አይደለም። ስለዚህ በጭረት ነው የሚጽፉት። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ቁልፎች አምስቱን ጭረቶች ይዘዋል፤ ጋድሙን፣ ቁሙን፣ ወደ ግራ የሚወርደውን፣ ነጥቡንና እጥፉን። አያቴ አንዱን ፊደል በቀለምና በብሩሽ እንደሚጽፉት አድርገው፣ ጭረቱን በተራ በተራው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጫናሉ። ሦስተኛው ጭረት ላይ ስልኩ ገምቶ ቢያቀርብላቸው እንኳ አይቀበሉትም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ይጨርሱታል።

«ጭረት የሚዘል ሰው ቤት ከጣሪያው የሚጀምር ሰው ነው» ብለው ይጮሁብኛል።

«አባባ፣ ስልኩ እኮ ያውቅዎታል!» እላለሁ በእጄ እያሳየኋቸው። «የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይጻፉ። ከዚያ መሃለኛውን ቁልፍ ይጫኑ። ሁልጊዜ የሚጽፉትን እሱ ራሱ ያመጣልዎታል።»

ሁልጊዜ የሚጽፉት አንድ ዓይነት ነበር። ጪን ደህና ናት። እኔ ደህና ነኝ። ሥራችሁን ሥሩ። ጪን ማለት እኔ ነኝ፤ ሙሉ ስሜ ዌንጪን ነው። መጀመሪያ ተጠራጠሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ግን ተቀበሉኝ። አንድ ፊደል በጭረት፣ ከዚያ መሃለኛው፣ መሃለኛው፣ መሃለኛው። «ይሄ ስልክ ካንቺ ይሻላል፤ አይከራከረኝም» አሉኝ። ኮራሁ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ማንም አልነገረብኝም፤ ራሴው ነኝ የምናገረው።

በዚያ መኸር፣ ዘይት የሚወጣው የዛፍ ፍሬ ሊለቀም ሲል፣ አያቴ መልእክት እየላኩ ወዲያው ማጥፋት ጀመሩ። ይጽፋሉ፣ ይልካሉ፣ ከዚያ ጠፍጣፋውን አውራ ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ ያሳርፋሉ። የሚመጣላቸውንም አንብበው ያጠፋሉ።

«ምን ጻፉ?» ብዬ በእጄ ስጠይቃቸው፣ «ሲሞላ ይከብዳል» ብለው ስልኩን በመዳፋቸው እንደ ድንች ሲመዝኑት ሳቅሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የፈተና ውጤቴን ለእናቴ ልጽፍ ስልኩን አነሳሁ። «ጪን» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ልማዴ መሃለኛውን ከመጫኔ በፊት ከሥር የቀረበውን አየሁት።

ውሰዳት።

ሁልጊዜ እዚያ ቦታ የሚቀመጠው «ደህና ናት» ነበር። አሁን ወደ ሦስተኛ ወርዷል። ስህተት መስሎኝ መሃለኛውን ተጫንኩት። ስልኩ ቀጠለ። «ሳታውቅ» አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ። «ቅዳሜ።» ደግሜ። «እኔ።» ከዚያ «አልችልም።»

ጣቴን ከቁልፉ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሳሁት። አያቴ መልእክቱን አጥፍተዋል፤ ስልኩ ግን የእጃቸውን መንገድ አልረሳም። ጪን፣ ውሰዳት፣ ሳታውቅ፣ ቅዳሜ፣ እኔ አልችልም። የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደነበረ፣ በመሃል ምን እንደተጻፈ አላውቅም። የቀረልኝ አጥንቱ ነው፤ ሥጋውን በፍርሃቴ ሞላሁት።

ትምህርት ቤታችን በር ላይ በገበያ ቀን የጠፋ ልጅ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። መምህራችን ልጅ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ፣ አንዳንዴም ዘመድ እንደሚሸጥ፣ ሲያዙም በጥይት እንደሚመቱ ነግራን ነበር። ይህን ያህል በቂ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ አያስፈልጋትም።

በማግስቱ ጨው ልንገዛ እትዬ ፓን ሱቅ ሄድን። እትዬ ፓን ባሏም ልጇም ከተማ የሄዱባት፣ ጥርሷ የማይከደን ሴት ናት። ገና ስታየኝ ጉንጬን ያዘችው።

«ይቺ ድምቡሼ! ስንት ኪሎ ሆነሻል? አያትሽ ባንቺ አንድ ጎሽ ይለውጡብሻል፤ ጎሹ ቢያንስ ያርሳል!»

ሁልጊዜ የምትቀልደው ቀልድ ነው። ከቆሻሻ ገንዳ ነው የተነሳሽው፣ እናትሽ ረስታሽ ሄደች፣ እያሉ ልጅን ማስለቀስ በእኛ አገር የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ ነው። ሁልጊዜ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጉንጬን ከእጇ አስለቀቅሁ።

ወደ ውጭ ላከችኝ። በሩ ጎን ከጨው ጆንያው ኋላ ቆምኩ። ከደንቆሮ ሰው ጋር ምስጢር የሚያወራ ሰው አይጮኽም፤ መዳፉን ይዞ በጣቱ ይጽፍበታል። እትዬ ፓን የአያቴን እጅ ገልብጣ በጠቋሚ ጣቷ ስትጽፍ አየሁ። የሷ ግማሽ ድምፅ የለውም። የአያቴ ግማሽ ግን መንገድ ላይ ድረስ ይሰማል።

«ቅዳሜ ሳምንት ይመጣል። በጠዋቱ ሚኒባስ።»

ጣቷ መዳፋቸው ላይ ሄደ።

«የለም፣ የለም! አትንገሪያት። ካወቀች ጫካ ትገባለች። ያኔ ሊወስዷት ሲሉ ምን እንዳደረገች ረሳሽው?»

ጣቷ እንደገና ጻፈ፤ ረጅም ነገር።

«ታለቅሳለች እንጂ ምን ታደርጋለች» አሉ አያቴ። «ልጅ ቶሎ ይረሳል። እኔ ከዚህ በኋላ ላኖራት አልችልም፤ ነገሩ ያ ነው።»

እትዬ ፓን ጀርባዋን አዙራ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። የምትስቅ መሰለኝ።

ዛሬ የእትዬ ፓንን ጣት ማንበብ እችላለሁ። ምን እንደጻፈች ነግራኛለች። «ለጪን ለምን አንነግራትም? አያቷን ሳትሰናበት?» ነበር ያለችው። አያቴ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ነበረ። የወረዳው ከተማ ሐኪም ከአዲስ ዓመት እንደማያልፉ ለእትዬ ፓን ነግሯታል፤ እሷ ናት አብራቸው የሄደችው። «ይመጣል» የተባለው አባቴ ነው። ሊያያቸው፣ ከዚያም እኔን ይዞኝ ዶንግጓን ሊሄድ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ልትወስደኝ ስትል የቤቱን ምሰሶ አቅፌ ጮኼ፣ ከዚያ ጫካ ገብቼ ከጠዋት እስከ ማታ ተፈልጌአለሁ። አያቴ ያንን ፈሩ። ሲሞቱ እንዳላይም ፈሩ። እኔ ግን አባቴ ከአዲስ ዓመት ውጭ የሚመጣ ሰው አልመሰለኝም፤ ቢመጣስ ለምን ይደበቅብኛል?

ዓርብ ዕለት አንድ ባለሞተር ሳይክል ሰውዬ መጣ። ወፍራም የቆዳ ቦርሳ ይዟል፤ ከውስጡ ካሜራ አወጣ። የአልጋ አንሶላችንን ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀለና ፊቱ አቆመኝ።

«ቀና በይ። ፀጉርሽን ከጆሮሽ ላይ አንሺ። እንዲህ! ቆንጆ ልጅ ናት እኮ፣ ሽማግሌው!»

አያቴ አልሰሙትም፤ ግን ፈገግ አሉ። ሰውየው እጅጌዬን ሰብስቦ ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ አየና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። በሽታ ነበረብሽ ወይ፣ ስንት ዓመትሽ ነው፣ ቁመትሽ ስንት ነው? በሜትር ለካኝ። ቅርጫት የሚገዙት ነጋዴዎችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ያገላብጣሉ፣ ታቹን ያያሉ፣ ይለካሉ። አያቴ በሁለት እጃቸው ሻይ አቀረቡለት። ሲወጣ «ቅዳሜ ሳምንት ሁሉም ይጠናቀቃል» ብሎ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳያቸው።

የወረዳው የትምህርት ጸሐፊ ነበር። ዶንግጓን ያለ ትምህርት ቤት እንዲቀበለኝ ፎቶና የክትባት ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ እንቅልፍና እህል ከለከለኝ ብል ውሸት ነው፤ ልጅ ፈርቶም ይበላል። አያቴ ግን አይበሉም ነበር። የሩዝ ገንፎውን ሁለት ጊዜ ቀምሰው ወደኔ ይገፉታል። ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ሕሊናቸው እየወቀሳቸው ነው አልኩ። ሊሸጡኝ ነው፣ ግን ይወዱኛል፤ ለዚህ ነው የማይበሉት። ይህ ሐሳብ አጽናናኝ።

ለማን ልንገር? ለአባቴ ብነግረው ፖሊስ ይጠራል፤ ፖሊስ አያቴን ይወስዳል፤ የሚወሰዱ ሰዎች በጥይት ይመታሉ። ለመምህሬም እንደዚያው። እኔ እንዳልሸጥ፣ እሳቸውም እንዳይሞቱ ማድረግ ነበረብኝ። አስቤ አስቤ ስልኩ ላይ ወደቅሁ። ስልኩ ክፉውን የተማረ ከእጃቸው ከሆነ፣ ደጉን ከእጄ ይማራል።

አያቴ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ስልኩን ወስጄ ዳክዬዎቹ ማደሪያ ኋላ ተቀመጥኩ። ጻፍኩ። ጪን ደህና ናት። አጠፋሁት። ጪን ደህና ናት። አጠፋሁት። እኔ ደህና ነኝ፣ አትምጣ። እኔ ደህና ነኝ፣ አትምጣ። «አትምጣ»ን ለገዢው ነው የጻፍኩት፤ አያቴ ቀጥለው ሲጽፉለት ስልኩ ራሱ እንዲመልሰው። አምስት ቀን። ከትምህርት በፊት፣ ከትምህርት በኋላ፣ ሽንት ቤት ተቀምጬ። አውራ ጣቴ አብጦ እርሳስ መያዝ አቃተኝ። በየመሃሉ አንዲት «ጪን» እጽፍና ትንፋሼን ይዤ ከሥር አያለሁ። ውሰዳት፣ ከፊት። ውሰዳት፣ ከፊት። ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ሁለተኛ ወረደች። አራተኛው ቀን ላይ ጠፋች። «እኔ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ «ደህና ነኝ» መጣ፣ ከኋላውም «አትምጣ»። ስልኩን ሳምኩት። ቅባትና የቀርከሃ ሽታ ነበረው።

በዚያ መሃል እሑድ ላይ አባቴ ደወለ። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ የማነሳው እኔ ነኝ።

«አያትሽ እንዴት ናቸው? እውነቱን ንገሪኝ ጪን» አለኝ። ድምፁ ጠባብ ነበር።

«ደህና ናቸው።»

«ይበላሉ?»

«ሁለት ሳህን ይበላሉ።»

«ሆዳቸውን አመመኝ አይሉም?»

አያቴ በሩ ላይ ተቀምጠው በዚያ በማይሰማ ፊታቸው ያዩኝ ነበር። ካመማቸው ሐኪም ይመጣል፤ ሐኪም ከመጣ ለምን እንደማይበሉ ይጠየቃሉ፤ ከተጠየቁ ይታወቃል።

«አይሉም። ትላንት ዘፍነዋል።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እሺ። ጎበዝ ልጅ።»

አባቴ ያን ጊዜ ለቅዳሜ ፈቃድ አግኝቶ፣ ትኬቱንም ይዞ ነበር። ከፋብሪካው ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ቦታው በማግስቱ ለሌላ ይሰጣል። አባቱ የሚጽፉለት ሌላ፣ ልጁ የምትነግረው ሌላ። በሁለቱ መሃል ቆሞ አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር።

ቃሉ ረቡዕ ተላከ። አያቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስልኩን አወጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ከጎናቸው ቆሜ ጣታቸውን ብቻ አየሁ። የስሜን ጭረቶች አንድ በአንድ ተጫኑ፤ አንድም ጭረት አልዘለሉም። ከዚያ መሃለኛው፣ መሃለኛው። ቀጥለው «እኔ»ን ጻፉ። ሰባት ጭረት ነው። መሃለኛው፣ መሃለኛው፣ መሃለኛው። ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አላስጠጉትም። ለምን ያስጠጉታል? ስልኩ ያውቃቸዋል፤ እኔ ነኝ ያልኳቸው። ላኩት። አጠፉት።

ሊጽፉ የፈለጉት «ጪንን ውሰዳት። እኔ ብሶብኛል፣ ቅዳሜ ሳትቀር ና» ነበር። ይህን ያወቅሁት እትዬ ፓን ስለነገረችኝ ነው፤ ጠዋት መዳፏ ላይ ጽፈው «እንዲህ ልበለው?» ብለዋታል።

የተላከውን አውቀዋለሁ፤ «ጪን ደህና ናት። እኔ ደህና ነኝ፣ አትምጣ» ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አያቴ ለአዲስ ዓመት የሚለብሱትን ሰማያዊ ኮት ለበሱ። ፊታቸውን ተላጩ፤ አገጫቸውን ቆረጡት። በትራቸውን ይዘው መንገዱ አፍ ድረስ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። ተከተልኳቸው። ሩቅ ሆኜ፣ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ።

ሚኒባሱ ከታች ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። ቆመ። ሁለት ዶሮ የያዘች አሮጊት ወረደች። በሩ ተዘጋ።

አያቴ ሚኒባሱ ከታጠፈ በኋላም ቆመው ቀሩ። ከዚያ ለማንም ያልሆነ ነገር ጮኹ፤ «ባቡሩ ዘግይቶ ይሆናል!»

የከሰዓቱንም ጠበቁ። ከከሰዓቱ የወረደ የለም። እሑድም ሄዱ። እሑድ መንገዱ አፍ ድረስ አልደረሱም፤ ከእትዬ ፓን ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጠው በጥሩምባው ፋንታ የአቧራውን መነሳት ያዩ ነበር። እትዬ ፓን ወንበር አወጣችላቸው።

እኔስ? እኔ ከኋላቸው ገመድ እዘል ነበር። ገዢው አልመጣም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የዘለልኩበት ቀን የለም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የተሰነጠቀው ቀርከሃ መሃል ወድቀው አገኘኋቸው። አፋቸው ዙሪያ የደረቀ ደም የመሰለ ጥቁር ነገር ነበር። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ አዩኝ። እትዬ ፓን ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነን አልጋ ላይ አወጣናቸው።

«ለአባትሽ ጻፊ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ጻፊለት! እንዴት እስካሁን አልመጣም? ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

ስልኩን ያዝኩ። «አያቴ» ብዬ ጻፍኩ። «ደህና» አለኝ ስልኩ። አለፍኩት። «ታመዋል» የሚለውን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ዝርዝሩን ማገላበጥ ነበረብኝ። «ና» ልጽፍ ስጀምር ከፊቴ የቀረበው «አትምጣ» ነው። ጣቴ ለምዶታልና መሃለኛውን ተጫንኩት። አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና «አትምጣ»። አምስት ቀን ሙሉ ያስተማርኩት ሁሉ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ተቃወመኝ። አንዱን ስገፋ ሌላው ይቆማል። እትዬ ፓን ትከሻዬን እየነቀነቀች «ምን ሆንሽ? መጻፍ ጠፋብሽ?» ትለኛለች። እያለቀስኩ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በላቲን ፊደል፣ አንድም የቀረበልኝን ሳልቀበል ጻፍኩ። አባዬ፣ አባባ ወድቀዋል፣ ና፣ ና፣ ና።

አባቴ ረቡዕ ቀትር ላይ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ውስጥ ቆሞ ነው የመጣው። የፋብሪካው መታወቂያ ገና አንገቱ ላይ ነበር። ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«አባባ! አባባ!»

አያቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው የነበረው አጥንትና ቆዳው ነው።

«ደህና ነኝ አላሉኝም? አትምጣ አላሉኝም?» አባቴ ይጮህ ነበር፤ እንደማይሰሙ ረስቶት ነው። «ትኬቱን በእጄ ይዤ ነበር እኮ! መለስኩት! ይኸው!»

ስልኩን አወጣ። ያንን መልእክት ከፍቶ ወደ ዓይናቸው አስጠጋው። አያቴ አነበቡ። ብዙ ቆዩበት። የጽሑፉ ርዝመት ይህን ያህል አልነበረም።

ከዚያ እጃቸው ትራሳቸው ሥር ገባ። የራሳቸውን ስልክ አወጡና አፍንጫቸው ላይ ሊነካ እስኪደርስ አስጠጉት። ጣታቸው ጫን፣ ጫን አለ። ቆጠርኩ፤ ሰባት ጭረት። አቆሙ፣ ከሥር የቀረበውን አዩ። መሃለኛውን ተጫኑ። አዩ። እንደገና ተጫኑ።

ስልኩን ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። ቀስ ብለው አንገታቸውን አዙረው በሩ ጋ፣ ምሰሶውን ይዤ የቆምኩበትን አዩ። እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ እስከ ዛሬም እየፈለግሁት ነው።

«እኔው ነኝ የጻፍኩት» አሉ ለአባቴ፤ እኔ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ። «ሥራህን እንዳታጣ ብዬ ነው።»

አባቴ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ዛሬም በየፀደዩ መቃብራቸውን ልንጠርግ ስንሄድ ይህችን ነገር ይናገራታል። «በዚያ ስቃይ ውስጥ ሆነው እንኳ የኔን ሥራ ነበር የሚያስቡት» ይላል፤ አረሙን እየነቀለ። አጠገቡ ሆኜ እነቅላለሁ። ልጄ ትሰማዋለች። አንዳንዴ አፌን እከፍታለሁ።

ያን ቀን ግን ምሰሶውን ይዤ የተረዳሁት ሌላ ነው። አያቴ በአባቴ ፊት፣ በገዛ አፋቸው፣ ማንም እንዲመጣ እንዳልፈለጉ ተናገሩ። ሐሳባቸውን ቀይረዋል። አልሸጡኝም፤ አይሸጡኝም። አባቴም እዚህ ነው፣ ፖሊስም የለም፣ ማንም በጥይት አይመታም። ሁለታችንንም አድኛለሁ። ደስታው ከደረቴ ተርፎ አልችለው ሲለኝ ወደ ግቢ ሮጥኩ። ዳክዬዎቹን እያባረርኩ፣ እየዞርኩ፣ ላብ እስኪያጠልቀኝ ድረስ ሳቅሁ። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን አላወቅሁትም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ።

ዝም አልኩ።